ቋንቋው የገዢ፣ ነገሩ የራስ፦ ስለ ጃፓንና ኮሪያ ለተጻፈው መጣጥፍ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ጃፓንና ስለ ኮሪያ ሥነ ጽሑፍና ፊልም የተጻፈ አንድ ረዘም ያለ መጣጥፍ ወዳጆቼ እየተቀባበሉት እኔም ዘንድ ደረሰ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ንባብ ደስ አለኝ፤ እንዲህ ያለ ርእሰ ጉዳይ በአማርኛ ሲነሣ ብርቅ ነው። በሁለተኛው ግን እርሳስ ይዤ ዳር ዳሩን መሞነጫጨር ጀመርኩ። ሳበቃ ከጽሑፉ ይልቅ የእኔ ጭረት በዝቶ አገኘሁት።

መጣጥፉ የሚለው ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ የኮሪያን ዘመናዊ ልብ ወለድ፣ ግጥምና ፊልም ጃፓን ወልዳ አሳድጋዋለች፤ ማስረጃውም የመጀመሪያዎቹ ደራስያን ጃፓን የተማሩ መሆናቸው ነው። ሁለተኛ፣ ኮሪያ በ1945 ከጃፓን ቅኝ ግዛት ነጻ ከወጣች በኋላ በቂም በሯን ዘግታ እስከ 1998 ድረስ የጃፓን ነገር ሳታይ ኖረች። ሦስተኛ፣ የጃፓን ደራስያንና የፊልም ሰዎች በበኩላቸው ስለ ቅኝ ግዛቱ በደል አንድም ቀን አፋቸውን አልከፈቱም። አራተኛ፣ ጃፓን ተወልደው ያደጉት ኮሪያውያን ጸሐፍት «ከሁለት ያጣ ጎመን» ናቸውና ከሁለቱም አገር ሥነ ጽሑፍ አይቆጠሩም። አምስተኛ፣ ይህን ሁሉ ቁርሾ በመጨረሻ የኮሪያ የቴሌቪዥን ድራማ አጥቦ አወጣው። (ዓመታቱን ሁሉ እኔም እንደ እሳቸው በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ጃፓንን በመጀመሪያው ነጥብ አሞግሰው በሦስተኛው መኮነናቸውን አልነቅፍም፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የምነቅፈው ሁለቱን አገሮች እንደ ሁለት ግለሰቦች ማየታቸውን ነው፤ አንዱ አበዳሪ፣ ሌላው ተበዳሪ፤ አንዱ በዳይ፣ ሌላው ተቀያሚ። መጻሕፍቱንና ፊልሞቹን ቀረብ ብሎ ላያቸው ግን ነገሩ እንዲህ በሁለት ሚዛን አይቀመጥም።

«ጃፓን ወልዳ አሳደገችው» ለሚለው ማስረጃ አይጠፋም። እንዲያውም ጸሐፊው ካቀረቡት በላይ ልጨምርላቸው እችላለሁ። የመጀመሪያው ዘመናዊ የኮሪያ ልብ ወለድ የሚባለውን «ሙጆንግ» ዪ ክዋንግሱ በ1917 ያወጣው የቶኪዮው ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ነው፤ በተከታታይ የታተመውም የቅኝ ገዢው አስተዳደር ልሳን በነበረ ጋዜጣ ላይ ነው። ኪም ዶንጊን የተባለው ደራሲ ደግሞ ጀማሪ ሳለ ታሪኩን በሐሳቡ የሚያውጠነጥነው በጃፓንኛ፣ ወረቀት ላይ የሚያሰፍረው በኮሪያኛ እንደ ነበር በኋላ ሳያፍር ተናግሯል። ለ«እሱ» እና ለ«እሷ» የሚሆን ተውላጠ ስም እንኳ በድርሰት ኮሪያኛ ገና አልተለመደም ነበርና ተጨንቆ ማበጀት ነበረበት። ይህን የሚያህል እዳ ማን ይክዳል?

ግን እዚያው ቶኪዮ ትንሽ እንቆይ። ኪም ዶንጊንና ባልንጀሮቹ «ቻንግጆ» የተባለውን፣ ባልንጀሮች በኅብረት የሚያዘጋጁትን የመጀመሪያውን የኮሪያ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ያወጡት ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1919 ነው። በዚያው ከተማ፣ በዚያው ወር በስምንተኛው ቀን፣ ኮሪያውያን ተማሪዎች በወ.ወ.ክ.ማ. አዳራሽ ተሰብስበው የነጻነት አዋጅ አነበቡ። አዋጁን ያረቀቀው ማን ነበር? ያው ዪ ክዋንግሱ። ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ማርች 1 ቀን፣ ሴኡል በሰልፍ ተጥለቀለቀች። ትምህርት ቤቱ የጃፓን፣ አዳራሹ ጃፓን ውስጥ፤ የተነበበው ግን ጃፓንን ውጪልን የሚል ነው። ይህን «ወልዳ አሳደገችው» ብሎ መጠቅለል ይከብደኛል።

ዪ ክዋንግሱ እስከ መጨረሻው ጀግና ሆኖ ቢቀጥል ለክርክሬ በተመቸኝ ነበር። አልቀጠለም። በ1940 ቅኝ ገዢው ኮሪያውያን የጃፓን ስም እንዲይዙ ሲያስገድድ፣ እሱ ቀድሞ ካያማ ሚትሱሮ ተብሎ ወጣቶችን ለጃፓን ጦር እንዲዘምቱ እስከ መቀስቀስ ደረሰ። የኮሪያ የመጀመሪያ ዘመናዊ ደራሲ፣ የነጻነት አዋጅ አርቃቂና የቅኝ ገዢ አጨብጫቢ አንድ ሰው ናቸው። ኮሪያውያን የትምህርት መጽሐፍ ሲያዘጋጁ ዛሬም ድረስ የሚጨነቁበት ሰው ነው።

ወደ ፊልም እንሂድ፤ የመጣጥፉ ሐሳብ ይበልጥ የሚፈርሰው እዚያ ነው። በ1926 ና ኡንግዩ የተባለ የ20ዎቹ ዕድሜ ወጣት «አሪራንግ» የተባለ ድምፅ አልባ ፊልም ሠራ። የፊልም ኩባንያው ባለቤት ጃፓናዊ ነጋዴ ነበር። ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ለተመልካቹ የሚተርከው «ብዮንሳ» የተባለው ሙያተኛም ከጃፓኖቹ «ቤንሺ» የተወረሰ ነው። ታሪኩ አእምሮውን የሳተ አንድ ተማሪ የባላባቱን አሽከር፣ የጃፓን ፖሊስ ሎሌ የሆነውን ሰው፣ በማጭድ የሚገድልበት ነው። በመጨረሻ እጁ ታስሮ ኮረብታውን ሲሻገር የአሪራንግ ዘፈን ይዜማል፤ ሕዝቡም አብሮ ያለቅሳል። ፖሊስ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጧል። ተራኪው ግን ድምፁን ዝቅና ከፍ እያደረገ፣ ፖሊሱ ፊቱን ሲያዞር ቃል እየጨመረ ይተርካል። ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ አንባቢ ይህን ማብራራት አያስፈልግም። የፊልሙ ቅጂ ጠፍቷል፤ ዛሬ ሊያየው የሚችል ሰው የለም። ዘፈኑ ግን ኮሪያውያን በሄዱበት አገር ሁሉ ይዘፈናል። ገንዘቡ የጃፓን፣ ካሜራው የጃፓን፣ የትረካው ስልት የጃፓን ነው። የወጣው ግን «አሪራንግ» ነው።

ብድሩ ዛሬም አልቆመም፤ ማንም አያፍርበትም። ፓርክ ቻንዉክ በ2004 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን የዳኞች ሽልማት ያገኘበት «ኦልድቦይ» መነሻው የጃፓን ማንጋ (በሥዕል የሚነገር ታሪክ) ነው። ሊ ቻንግዶንግ በ2018 የሠራው «በርኒንግ» ደግሞ ከሙራካሚ ሃሩኪ አጭር ልብ ወለድ የመጣ ነው። በሙራካሚ ታሪክ የሚቃጠለው የእህል ጎተራ፣ ተራኪውም የተመቻቸው ጸሐፊ ነው። ሊ ቻንግዶንግ ጎተራውን የላስቲክ የአትክልት ቤት አደረገው፤ ተራኪውንም የሰሜን ኮሪያ ድምፅ ማጉያ እስከ ደጁ የሚሰማበት ድንበር አጠገብ የሚኖር ድሃ የገበሬ ልጅ አደረገው። የሙራካሚ እንቆቅልሽ ሳይፈታ ቀረ፤ የኮሪያ ወጣት ሥራ አጥነትና ንዴት ግን ገባበት። መበደር እንዲህ ከሆነ መልካም ነው።

እዚህ ላይ ስለ እኛ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጃፓንን በአርአያነት የማየት ልማድ በአገራችን የቆየ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። በዚያ ዓመት ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር ከዋለች 21 ዓመት ሞልቷት ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ፑሳን ወደብ ወረዱ። እናም ጃፓንን በአንድ በር፣ ኮሪያን በሌላ በር አወቅናቸው፤ ሁለቱ በሮች የሚገናኙበትን ጓሮ ግን አላየነውም። መጣጥፉን የጻፉት ሰው ስሕተትም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል፤ እኔም ከዚህ ነጻ ነኝ አልልም።

ሁለተኛው ነጥብ፣ የተዘጋው በር። እውነት ነው፤ ደቡብ ኮሪያ የጃፓን ፊልም፣ ዘፈንና ድራማ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ለአሥርት ዓመታት ከልክላለች። ግን መከልከልና አለመግባት አንድ አይደሉም። የሚዩራ አያኮ «ሂዮቴን» የተባለ ልብ ወለድ በ1960ዎቹ በኮሪያኛ ተተርጉሞ እንደ ጉድ ተሸጠ፤ በ1967 ኮሪያውያን ፊልም አደረጉት። በ1964 የሴኡልን ወጣት ያስለቀሰው «በባዶ እግሩ የሚሄድ ወጣት» የሚሉት ፊልም ከአንድ ዓመት በፊት ጃፓን ከወጣ ፊልም የተቀዳ ነበር። ፊልሙ ታግዷልና ተመልካቹ ዋናውን አያይም፤ ስለዚህ ቀጂው አይጋለጥም። እገዳው ጃፓንን ሳይሆን ቀጂዎችን ጠቀመ። በ1970ዎቹ የኮሪያ ልጆች «ማዚንጋ» የተባለውን የብረት ሰው በቴሌቪዥን እያዩ አደጉ፤ ብዙዎቹ ጃፓናዊ መሆኑን ያወቁት ጢም ሲያወጡ ነው። የሙራካሚ «ኖርዌጂያን ዉድ» በ1989 «የማጣት ዘመን» በሚል ርእስ ወጥቶ፣ ወታደራዊ መንግሥት ሲያባርሩ የከረሙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የብቸኝነት መጽሐፍ ሆነ።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የቅርጫት ኳሱ ማንጋ «ስላም ዳንክ» ነው። በ1992 ኮሪያ ሲገባ የጃፓን ሽታ እንዳይኖረው ስሞቹ ሁሉ ተቀየሩ፤ ሳኩራጊ ሃናሚቺ «ካንግ ቤክሆ» ተባለ። በ2023 የዚያው ታሪክ አኒሜሽን ፊልም ሴኡል ሲከፈት እገዳው ድሮ ቀርቶ ነበር፤ ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አየው። ስሙ ግን ወደ ሳኩራጊ አልተመለሰም። የ40 ዓመት ጎልማሶች ልጆቻቸውን ይዘው የሄዱት ካንግ ቤክሆን ለማየት ነበርና። እገዳው የፈጠረው ስም ከእገዳው ዕድሜ በላይ ኖረ። በዚያው ዓመት «ሱዙሜ» የተባለውን የጃፓን አኒሜሽን ያየው ኮሪያዊ ከ5 ሚሊዮን በላይ ነው።

በሩን በ1998 የከፈተው ፕሬዚዳንት ኪም ዴጁንግ መሆኑን መጣጥፉ ጠቅሶ ያልፋል። መታለፍ አልነበረበትም። ይህ ሰው በ1973 የገዛ አገሩ የስለላ ሰዎች ከቶኪዮ ሆቴል አፍነው ወስደውት ከሞት ለጥቂት የተረፈ ተቃዋሚ ነበር። መጀመሪያ የተፈቀዱት በዋናነት በታላላቅ የፊልም ፌስቲቫሎች የተሸለሙ የጃፓን ፊልሞች ነበሩ፤ ሌላው ቀስ በቀስ ተከተለ፣ እስከ 2004። በ1999 የኢዋይ ሹንጂ «ላቭ ሌተር» ሲታይ ግን ተማሪዎቹ በድብቅ የቪዲዮ ቅጂ አስቀድመው በቃላቸው ይዘውት ነበር። አንዲት ሴት በረዶ በለበሰ ተራራ ፊት ቆማ ለሞተ እጮኛዋ «ደኅና ነህ? እኔ ደኅና ነኝ!» እያለች የምትጮኽበት ትዕይንት አለ። «ኦጌንኪ ዴስካ» የሚለው ጃፓንኛ ያን ሰሞን የኮሪያ ልጅ ሁሉ መቀለጃ ሆነ። አያቶቻቸው በግድ የተማሩትን ቋንቋ የልጅ ልጆቹ ከፊልም ቀድተው ይጫወቱበት ጀመር።

በሦስተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። «ጃፓናውያን አንድ ቃል አልተነፈሱም» ማለት፣ ተንፍሰው መከራ የቆጠሩትን መልሶ መቅበር ነው።

ናካኖ ሺጌሃሩ በ1929 «ዝናብ የሚዘንብበት የሺናጋዋ ጣቢያ» የሚል ግጥም አወጣ። ከጃፓን የሚባረሩ ኮሪያውያን ጓዶቹን በዝናብ ውስጥ ባቡር ጣቢያ ሲሸኝ የሚናገረው ነው። ሳንሱሩ ስንኞቹን እየቆራረጠ በምልክት ሞላቸው። ከዚያ የሆነው ነገር ተረት ይመስላል፦ በዚያው ዓመት ኮሪያውያን ስደተኞች ቶኪዮ ላይ በሚያሳትሙት መጽሔት ግጥሙን በኮሪያኛ ተርጉመው አወጡት፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች የተቆረጡትን የጃፓንኛ ስንኞች መልሰው ለመገመት የተጠቀሙት በዚያ የኮሪያኛ ትርጉም ነው። የጃፓናዊው ግጥም የዳነው በኮሪያኛ ነው።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ለመጣጥፉ ጸሐፊ «እነሆ ወዳጅነት» ብዬ በተመለስኩ። ግን ግጥሙ ውስጥ ኮሪያውያኑን «የጃፓን ሠራተኛ መደብ የፊትና የኋላ ጋሻ» የሚል ስንኝ አለ። ጋሻ የሚመታው ለሌላው ነው። ኮሪያዊው ገጣሚ ኢም ሃ በዚያው ዓመት በግጥም መለሰለት፤ በዮኮሃማ ወደብ ዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዛ የቆመች ጃፓናዊት ልጃገረድን የሚያናግር፣ የሚባረረው ኮሪያዊ ራሱ የሚናገርበት ግጥም ነው። ሸኚው ዝም ብሎ ተሸኚው ተናገረ። ናካኖ በስተርጅና ያን የጋሻ ስንኝ አንሥቶ የብሔር ራስ ወዳድነት ጭራ እንደ ነበረበት በአደባባይ ተናዟል። መውደድ፣ በመውደድ ውስጥ መሳሳት፣ ምላሽ መቀበል፣ ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ማመን፤ ይህ ሁሉ በአንድ ግጥም ዙሪያ ሆኗል። ዝምታ የታለ?

ኦሺማ ናጊሳ በ1963 በቴሌቪዥን ያሳየው አጭር ዘጋቢ ፊልም ለጃፓን ተዋግተው ዓይናቸውንና እጅ እግራቸውን ያጡ ኮሪያውያን ወታደሮችን ይከተላል። ዜግነታቸው ተቀይሯልና ጡረታ የላቸውም፤ ነጭ ልብስ ለብሰው ባቡር ውስጥ ይለምናሉ። ፊልሙ የሚያበቃው ጃፓናውያንን በስም ጠርቶ «ይህ ደግ ነው ወይ?» ብሎ በመጠየቅ ነው። በ1968 የሠራው «በስቅላት መሞት» ይብሳል። አንድ ኮሪያዊ ወጣት ይሰቀላል፤ ልቡ ግን አልቆም ይላል። ሲነቃ ማን እንደ ሆነ አያውቅም። ሕጉ ራሱን የማያውቅን ሰው መስቀል ይከለክላልና የወህኒው ሹማምንት ኮሪያዊነቱንና ወንጀሉን ሊያስታውሱት ተውኔት ይጀምራሉ። ደንበኛ ሹማምንት ኮት እንደ ለበሱ «ድሃ የኮሪያ ቤተሰብ» ሆነው እየጮኹ ሲጣሉ ማየት ያስቃል፤ ሳቁ ግን ጉሮሮ ላይ ይቀራል። «ኮሪያዊ» የሚሉት ነገር እነሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለ ተውኔት መሆኑን ያኔ እናያለን። ፊልሙ የተነሣው በ1962 ጃፓን ውስጥ በሞት ከተቀጣ አንድ ኮሪያዊ ወጣት እውነተኛ ጉዳይ ነው።

ስለ 1923ቱ የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ የመጣጥፉ ጸሐፊ ምንም አላሉም። ሴፕቴምበር 1 ቀን ቶኪዮና ዮኮሃማ ሲፈርሱ «ኮሪያውያን ጕድጓድ ውኃ እየመረዙ ነው» የሚል ወሬ ተነዛ፤ የሰፈር ጠባቂዎች ቀርከሃ እየሳሉ፣ ወታደርና ፖሊስም እየታከለበት፣ ሺዎች ተገደሉ። መንገደኛውን አቁመው «15 የን ከ50 ሴን» በል ይሉታል፤ በጃፓንኛ «ጁጎ-ኤን ጎጂስ-ሴን»። «ጁ»ውን ወደ «ቹ»፣ «ጎ»ውን ወደ «ኮ» ያጠጋ ኮሪያዊ ነው ተብሎ ይገደላል። መጽሐፈ መሳፍንትን ያነበበ «ሺቦሌት» ማለት አቅቶት «ሲቦሌት» ያለው ኤፍሬማዊ በዮርዳኖስ መሻገሪያ ምን እንደ ደረሰበት ያስታውሳል። ጃፓናዊው ገጣሚ ጹቦይ ሺጌጂ ይህን የገንዘብ መጠን ርእስ አድርጎ ረዥም ግጥም ጽፎበታል። በ2023፣ ልክ በመቶኛ ዓመቱ፣ ሞሪ ታትሱያ በቺባ አውራጃ ፉኩዳ መንደር የሆነውን በፊልም አወጣው፦ ከሩቅ ክፍለ ሀገር የመጡ ጃፓናውያን መድኃኒት አዟሪዎች በዘዬአቸው ምክንያት ኮሪያውያን ተብለው ተጠርጥረው ዘጠኙ ተገደሉ። በፊልሙ የነጋዴዎቹ አለቃ የሚያነሣው ጥያቄ መጣጥፉን ሳነብ ጆሮዬ ላይ ያቃጭል ነበር። ሁሉም «እነዚህ ጃፓናውያን ናቸው፣ አይደሉም» እያለ ሲከራከር፣ እሱ «ኮሪያዊ ከሆነስ መግደል ይፈቀዳል?» ይላል። ፊልሙ ኮሪያ ውስጥ በፑሳን የፊልም ፌስቲቫል ተሸልሟል።

በእርግጥ የጃፓን መንግሥትና ዋናዎቹ የፊልም ኩባንያዎች ይህን ጉዳይ ሲሸሹት ኖረዋል፤ የሞሪ ፊልም እንኳ የተሠራው ከፊሉ በሕዝብ መዋጮ ነው። ጸሐፊው «ጥቂቶች ናቸው» ቢሉ ዝም ባልኩ። «የሉም» ነው ያሉት።

«ከሁለት ያጣ ጎመን» የተባሉት ጸሐፍት ላይ ስደርስ እርሳሴ ተሰበረ። ጸሐፊው የሚሉት እነማንን ነው? ሊ ሆይሶንግ በ1972 የጃፓንን ታላቅ የአኩታጋዋ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ኮሪያዊ ነው። ዩ ሚሪ ያንኑ ሽልማት አግኝታ በ2020 ደግሞ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት በትርጉም ዘርፍ ወሰደች። ኪም ሶክፖም በ1925 ኦሳካ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጄጁ ደሴት የመጡ ናቸው። በጄጁ ከ1948 ጀምሮ ከ25 ሺህ እስከ 30 ሺህ የሚገመት ሰው፣ አብዛኛው በመንግሥት ኃይሎች እጅ፣ አልቋል። ኮሪያ ውስጥ ይህን ማንሣት ክልክል ነበር፤ ሂዮን ኪዮንግ በ1978 በአንድ አጭር ልብ ወለድ ቢያነሣው ታስሮ ተገረፈ። ኪም ሶክፖም ግን ገና በ1957 በጃፓንኛ ጽፎታል፤ ከዚያም «የእሳተ ገሞራ ደሴት» የተባለውን ሰባት ቅጽ ልብ ወለድ እስከ 1997 ሲጽፍ ኖረ። የኮሪያ መንግሥት በኮሪያኛ እንዳይነገር ያደረገውን የኮሪያ ሐዘን የተሸከመው የቀድሞው ገዢ ቋንቋ ነው። ይህ ሰው ከየትኛው ሥነ ጽሑፍ ነው የማይቆጠረው?

ከሁሉ ግን ዪ ያንግጂን ላስነብባቸው እፈልጋለሁ። «ዩሂ» የተባለው ድርሰቷ በ1988 ሁለተኛ አጋማሽ የአኩታጋዋ ሽልማት ተሰጠው፤ በ1992 በ37 ዓመቷ ዐረፈች። ዩሂ ጃፓን ያደገች ኮሪያዊት ናት፤ አገሬ ብላ ሴኡል ለመማር ትመጣለች፤ አልሆነላትም፤ ትመለሳለች። ታሪኩን የምትነግረን እሷ ሳትሆን በተከራየችበት ቤት ያለች ሴኡላዊት ሴት ናት። ዩሂ ስትሄድ ከ400 ገጽ በላይ የእጅ ጽሑፍ ትታላት ሄደች፤ የተጻፈው በጃፓንኛ ነውና ሴትዮዋ ማንበብ አትችልም። አንድ ጊዜ ዩሂ እንዲህ ያለ ነገር ትናገራለች፦ ጧት ስነቃ ከአፌ የሚወጣው የመጀመሪያ ድምፅ «አ» ነው። ያ «አ» የኮሪያኛው ከሆነ የኮሪያኛን ምርኩዝ ይዤ እነሣለሁ፤ የጃፓንኛው ከሆነ የጃፓንኛውን። ግን የትኛው እንደ ሆነ አይታወቀኝም። «ሰው በአገሩ፣ ሰው በወንዙ» የሚለው ተረታችን ሰው ወንዙን እንደሚያውቀው አድርጎ ነው የሚጀምረው። ዩሂ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ አንድ ፊደል ላይ ቆማለች።

የድራማው ጉዳይ ብዙ አያቆየንም። «የክረምት ሶናታ» በ2003 እና 2004 ጃፓን ውስጥ ሲተላለፍ የተፈጠረውን ሁኔታ ጸሐፊው በደንብ ገልጸውታል፦ ተዋናዩን ቤ ዮንግጁንን ለመቀበል አየር ማረፊያውን ያጥለቀለቁት በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች፣ ኮሪያኛ መማር የጀመሩት እናቶች። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። «አጥቦ አወጣው» ለሚለው ግን የቀን መቁጠሪያ ማየት ይበቃል። በ2005 «የኮሪያን ሞገድ» (የኮሪያ ድራማና ዘፈን በውጭ አገር መስፋፋቱን) መጥላት የሚሰብክ ማንጋ ጃፓን ውስጥ በብዛት ተሸጠ። በ2011 «የኮሪያ ድራማ በዛ» ብለው ሰልፈኞች የአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ደጅ ሞሉ። በ2012 ሁለቱም አገሮች የእኔ ናቸው በሚሏቸው ደሴቶች ውዝግብ ግንኙነቱ ሻከረ። በ2019 ጃፓን ለኮሪያ የኤሌክትሮኒክስ ፋብሪካዎች የሚያስፈልጉ ግብዓቶችን ስትቆጣጠር ኮሪያውያን የጃፓን ቢራና ልብስ መግዛት አቆሙ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እዚህስ የወጋውም አልረሳም፤ ተናደደ እንጂ።

ጸሐፊው ሊጠቅሱት የሚገባቸው ሌላ ነገር ነበር፤ በዚያው በ2019 ሐምሌ፣ የንግዱ ጠብ በፈነዳበት ወር፣ «ቡንጌ» የተባለው የጃፓን የሥነ ጽሑፍ መጽሔት «ኮሪያ፣ ፌሚኒዝም፣ ጃፓን» የሚል ልዩ እትም አወጣ። መጽሔቱ በ1933 ካወጣው የመጀመሪያ እትም ወዲህ ያልሆነ ነገር ሆነና ሦስተኛ ዙር ድረስ ታተመ። ከዚያ በፊት የቾ ናምጁ «ኪም ጂዮንግ፣ የ1982 ልጅ» ጃፓን ውስጥ ከመቶ ሺህ ቅጂ በላይ ተሸጦ ነበር። ጃፓናውያት ሴቶች ያነበቡት ከኮሪያ ጋር ለመታረቅ አይደለም። የአማታቸው፣ የአለቃቸውና የባላቸው ነገር ተጽፎ ስላገኙት ነው።

መጨረሻ ላይ ያቆየሁት አንድ ስም አለ። መጣጥፉ በመጀመሪያው ነጥብ «ጃፓን ካስተማረቻቸው» ገጣሚዎች ተርታ ዩን ዶንግጁን በአንድ ሐረግ ይዘረዝረዋል። አዎን፣ ተምሯል። ለመማር ለመሻገር ግን የጃፓን ስም ያስፈልገው ነበር። በ1942 ጃንዋሪ 24 ቀን «ንስሐ» የሚል ግጥም ጻፈ፤ በዛገ የመዳብ መስተዋት ውስጥ የቀረ የገዛ ፊቱን እያየ ያፍራል። ከአምስት ቀን በኋላ ለተማረበት ኮሌጅ «ሂራኑማ» የሚለውን ስም አስመዘገበ። ቶኪዮ ገብቶ ከተከራያት ስድስት ምንጣፍ የምትሰፋ ክፍል ተቀምጦ፣ ውጭ ዝናብ ሲዘንብ፣ ይህች ክፍል የሰው አገር ናት ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ወደ ኪዮቶው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በ1943 ሐምሌ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሊመለስ ሲሰናዳ ፖሊስ ያዘው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1945፣ ነጻነት ስድስት ወር ሲቀረው፣ በ27 ዓመቱ ፉኩኦካ ወህኒ ቤት ውስጥ ሞተ።

ኢባራጊ ኖሪኮ የተባለች ጃፓናዊት ገጣሚ ባሏ ከሞተ በኋላ፣ በ50 ዓመቷ፣ ኮሪያኛ መማር ጀምራ ስለ እሱ ጻፈች፤ ጽሑፏ የጃፓን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ዶሺሻም በግቢው ሐውልት አቁሞለታል። ግጥሞቹ የተገኙት ግን ከዚያ አይደለም። አንድ ወዳጁ ወደ ጦር ግንባር ሲወሰድ የእጅ ጽሑፎቹን ለእናቱ አደራ ሰጣት፤ እናቲቱ በደቡብ ኮሪያ የባሕር ዳርቻ ባለ ቤታቸው ወለል ሥር በእንስራ ደብቃ አቆየችው። ኪዮቶ ላይ የጻፈውን ፖሊስ ወስዶታል፤ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ከጃፓን የተማሪነት ዘመኑ የተረፉት፣ ከቶኪዮ በደብዳቤ ለጓደኛው የላካቸው አምስት ግጥሞች ናቸው፤ ሁሉም በኮሪያኛ።